ጃያፕራካሽ ናራያንና የቢሃር ተማሪዎች፦ ከመማሪያ ክፍል ሁለት ጊዜ የመውጣት ታሪክ

በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በህንድ የቢሃር ክፍለ ግዛት የተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ የሚጠራው ተማሪ ባልነበረ ሰው ስም ነው። ጃያፕራካሽ ናራያን በዚያን ጊዜ የ71 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ከፓርቲ ፖለቲካ ከራቀም ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተማሪዎቹ እርሱን ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት ወደ ራሱ የተማሪነት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ናራያን ኦክቶበር 11 ቀን 1902 ሲታብዲያራ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በጥሩ ውጤቱ ፓትና ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ያጠና ጀመር። በ1921 መጀመሪያ፣ ጋንዲ ከቅኝ ገዢው መንግሥት ጋር ያለመተባበር ዘመቻ ባወጀበት ወቅት፣ አቡል ካላም አዛድ በፓትና ተማሪዎች የመንግሥትን ትምህርት እንዲተዉ ሲጠይቅ ሰማ። የመጨረሻው ፈተና የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ቢሆንም ኮሌጁን ጥሎ ወጣ፤ በብሔርተኞቹ ወደ ተቋቋመው ቢሃር ቪድያፒትም ገባ። ይህ ተቋም ግን እስከ ዲግሪ የሚያደርስ አልነበረም። የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ቢገኝም ከመንግሥት ድጎማ ይቀበል ስለ ነበር ናራያን አልፈለገውም። መውጫው አሜሪካ ሆነ።

በ1922 ባሕር ተሻግሮ በካሊፎርኒያ፣ በአዮዋ፣ በዊስኮንሲንና በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ። የትምህርት ክፍያውን የሸፈነው በወይን እርሻ በመሥራትና ሳህን በማጠብ ነው። ማርክሲዝምን በዊስኮንሲን ተቀበለ፤ በሶሲዮሎጂ የማስተርስ ዲግሪውን በኦሃዮ ተቀብሎ በ1929 ተመለሰ። የቅኝ ገዢውን ገንዘብ ሽሽት የጀመረው ጉዞ በሌላ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መፈጸሙን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ብዙም አያተኩሩበትም።

ቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት በሰፊው የታወቁ ናቸው። በ1934 የኮንግረስ ሶሻሊስት ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በ1942 ከሃዛሪባግ እስር ቤት ግድግዳ ዘሎ አመለጠ፤ ከነጻነት በኋላም የሚኒስትርነት ሹመት ሳይዝ በ1954 ሕይወቱን ለቪኖባ ባቬ የመሬት ልገሳ ንቅናቄ ሰጠ። ሥልጣን አለመሻቱ በኋላ ለተማሪዎቹ ትልቁ መስፈርት ሆነ።

የ1974ቱ ግጭት በቅርብ ምክንያቱ ከሩቅ የመጣ ነው። በ1973 መጨረሻ በጉጃራት በአህመዳባድ የምህንድስና ኮሌጅ የመኝታ ቤት ተማሪዎች የምግብ ክፍያ በመጨመሩ ዐመጹ፤ ነገሩ ሰፍቶ የክፍለ ግዛቱን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1974 የቢሃር ተማሪዎች በፓትና ተሰብስበው የትግል ኮሚቴ አቋቋሙ። ጥያቄዎቻቸው የኑሮ ውድነትን፣ ሥራ አጥነትንና ሙስናን ከግቢ ጉዳዮች ጋር ያጣመሩ ነበሩ። ማርች 18 ቀን ምክር ቤቱን ለመክበብ ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ናራያንን እንዲመራቸው ለመኑት። እርሱም ትግሉ ሰላማዊ እንዲሆንና በቢሃር ብቻ እንዳይወሰን ጠይቆ ተቀበለ።

ጁን 5 ቀን በፓትና ጋንዲ ሜዳ ሁለንተናዊ አብዮት አወጀ፤ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ትምህርታቸውን ትተው ወደ መንደር እንዲወጡም ጠየቀ። በ1921 በእርሱ ላይ የሠራው ጥሪ ግን በ1974 እንደዚያ አልሠራም፤ ብዙዎቹ ሰልፍ እየወጡም ለፈተና ተቀመጡ። ይህ ስንፍና አልነበረም። ለናራያን ትውልድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የባዕድ ተቋም ነበር፤ ለ1974ቱ የገጠር ልጅ ግን ወደ ደመወዝ የሚያደርስ ብቸኛው በር ነበር።

ሌላው ድክመት በኮሚቴው አወቃቀር ላይ ይታያል። ናራያን ፓርቲ አልባ ትግል ቢመኝም በኮሚቴው ውስጥ ጎልቶ የወጣው ለሂንዱ ብሔርተኞች ቅርብ የሆነው አኪል ባራቲያ ቪድያርቲ ፓሪሻድ ነበር፤ የኮሚኒስት ፓርቲው የተማሪዎች ክንፍ በውጭ ቆመ። ለዚህ ወገን የሰጠው ቅቡልነት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ነገሩን ሳያውቅ አደረገው ማለት ግን አይቻልም።

ጁን 25 ቀን 1975 ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታወጅ ናራያን በዚያው ሌሊት ታሰረ። በእስር ላይ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ፤ በኖቬምበር ተፈትቶ እስከ ዕለተ ሞቱ በኩላሊት እጥበት ኖረ። በ1977 የእርሱ ስም ያስተባበረው ጃናታ ፓርቲ ምርጫውን አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በእርስ በርስ ሽኩቻ ፈረሰ። ናራያን ይህን አይቶ ኦክቶበር 8 ቀን 1979 በፓትና ዐረፈ።

ከተማሪዎቹ መካከል የፓትና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ላሉ ፕራሳድ ያዳቭ በ1990 የቢሃር ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ በሙስና ላይ በተነሣ ትግል ያደገው ይህ ሰው በ2013 በሙስና ተፈረደበት። በአንጻሩ ናራያን በ1975 ከ30 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች የመሠረተው ፓርቲ አልባ ድርጅት አባላት ወደ ቦድ ጋያ መንደሮች ሄደው ሰፊ መሬት የያዘውን የሂንዱ ገዳም ተከራከሩ። መስራቹ ከሞተ በኋላ በ1980ዎቹ መሬቱ ሲከፋፈል ከፊሉ የባለቤትነት ማስረጃ የተጻፈው በሴት ጭሰኞች ስም ነበር።