ደኅና ነኝ ያላለው ሰው



አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ ቆዳው ስስ፣ ኮምጣጣነቱ ለዘብ ያለ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሎሚ አለ። የሜየር ሎሚ ይሉታል። ስሙን የሰጠው ሰው እዚሁ አጠገባችን የተወለደ ነው። ከቭላርዲንገን በሜትሮ ሮተርዳም፣ ከዚያም በባቡር አምስተርዳም ብትሄዱ ሥራ የጀመረበትን የዕፅዋት ስፍራ፣ ሆርቱስ ቦታኒኩስን፣ ዛሬም ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ፍራንስ ሜየር በ1875 ተወለደ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም። በ14 ዓመቱ የአትክልተኛ ረዳት ሆኖ ገባ። ሁጎ ደ ፍሪስ የሚባለው ታላቅ የዕፅዋት ሊቅ ልጁን አየውና አቀረበው፤ ቋንቋና ሳይንስ አስተማረው፤ ረዳቱም አደረገው። ለብዙ ወጣት ይህ በበቃ ነበር። ሜየርን ግን እግሩ አላስቀምጥ አለው። የብርቱካን ዛፍ ለማየት ብሎ በእግሩ አልፕስን ተሻግሮ ጣሊያን የወረደ ሰው ነው። በ1901 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ እዚያም አልረጋም፤ ሜክሲኮን በእግሩ ዞረ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከውጭ አገር ጠቃሚ ተክል የሚያስመጣ ክፍል ነበረው። ኃላፊው ዴቪድ ፌርቻይልድ ወደ ቻይና የሚልከው፣ ዕውቀትም ጉልበትም ያለው ሰው ይፈልግ ነበር። በ1905 ሜየርን ላከው። ከዚያ እስኪሞት ድረስ አራት ታላላቅ ጉዞዎች አደረገ።

መንገዱን በዓይነ ኅሊናችሁ ተከተሉት። ማንቹሪያ፣ ኮሪያ፣ ሳይቤሪያ፣ በሰሜን ቻይና የዉታይ ተራሮች። በሁለተኛው ጉዞ ከካውካሰስ አንሥቶ የመካከለኛው እስያን በረሃ አልፎ የቲየን ሻን ተራሮች። በሦስተኛው የጋንሱ ደጋ፣ እስከ ቲቤት ወሰን። ብዙውን በእግሩ ነው፤ የበግ ቆዳ ካፖርት ለብሶ፣ ትልልቅ ቦት ጫማ ተጫምቶ። ማታ ተባይ በሞላበት የመንገደኛ ማደሪያ ያድራል። ወንበዴ አደጋ ጥሎበታል። አስተርጓሚው መንገዱን ፈርቶ ትቶት ሄዷል። እርሱ ግን ዘሩን ይለቅማል፤ የቆረጠውን ቅርንጫፍ እንዳይደርቅ በእርጥበት ይጠቀልላል፤ መግለጫ ይጽፍለታል፤ ውቅያኖስ አሻግሮ ይልካል። በሕይወቱ ዘመን ወደ 2,500 የሚጠጉ ዕፅዋት ላከ። ከ40 በላይ የአኩሪ አተር ዓይነት፣ ስፒናች፣ ካኪ፣ ኮክ፣ በደረቅ ሜዳ ነፋስ እንዲከላከል የተተከለው የሳይቤሪያ ኤልም ዛፍ። ሎሚውን ያገኘው ቤጂንግ አጠገብ ነው፤ ሰዎች ለጌጥ በሸክላ ተክለውት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ ልምጣ፤ እኔን የያዘኝ እርሱ ነውና። ለፌርቻይልድ ስለ ዘርና ስለ ዛፍ እየጻፈ መሐል ላይ ልቡን ይከፍታል። ብቸኝነቱን አልሸሸገም። የሚያጫውተው ሰው ማጣቱን፣ አውሮፓ በጦርነት ስትጋይ ኀዘኑ እንደ ከበደበት፣ ኃይሉ እንዳለቀ ጻፈ። ፌርቻይልድ ይወደው ነበር፤ ይመልስለትም ነበር። ነገር ግን በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ።

በመጨረሻው ጉዞው ዪቻንግ በምትባል የያንግሴ ወንዝ ከተማ ሳለ፣ የቻይና ወታደሮች እርስ በርስ ሲዋጉ መንገዱ ተዘጋበት። እግሩን ማሳረፍ የማያውቅ ሰው ለወራት ተቀመጠ። በ1918 መንገዱ ሲከፈት ወደ ሻንጋይ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ጁን 1 ሌሊት ከመርከቡ ጠፋ። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ከወንዙ ወጣ፤ ሻንጋይ ተቀበረ። 42 ዓመቱ ነበር። እንዴት እንደ ወደቀ ያየ የለም። እኔ ከዚህ አልጨምርም፤ እናንተም አትጨምሩ። በኑዛዜው 1,000 ዶላር ለቢሮ ባልደረቦቹ ትቶ ነበር፤ እነርሱም ገንዘቡን ለራሳቸው አልወሰዱትም፤ በስሙ ሜዳሊያ አሠሩበት።

እኛ ሰባኪዎች አንድ ልማድ አለን፤ የወደድነውን ሰው ሁሉ በስብከቱ መጨረሻ አማኝ እናደርገዋለን። በሜየር ላይ ይህን አላደርግም። ግን ደብዳቤዎቹን ሳስብ ሌላ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን ክፈቱ። ጳውሎስ እስር ቤት ነው። ዴማስ ትቶት ሄዷል፤ ሉቃስ ብቻ አብሮት ቀርቷል። (ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን እንደ እምነት ማነስ የምትቆጥሩ ልብ በሉ።) በጢሮአዳ አክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስ ይፈልጋል፤ መጻሕፍቱን ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ጢሞቴዎስ ራሱ እንዲመጣለት ይለምናል፤ ያውም ክረምቱ ሳይገባ። በዚያው ምዕራፍ ጌታ በአጠገቡ ቆሞ እንዳበረታው ይመሰክራል። ጌታ አለኝና ሰው አያስፈልገኝም ግን አላለም።

እኛስ? ከአገር ቤት ሲደወል ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። የእኅት የትምህርት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት በወሩ ይላካል። ሜየር ዘር እንደ ላከ እኛ ዩሮ እንልካለን፤ ተቀባዩም የተላከው ከደረሰ ላኪው ደኅና ነው ብሎ ያስባል። ሌሊት መጋዘን ሠርቶ፣ እሑድ ከኋላ ተቀምጦ፣ ከቡራኬ በፊት የሚወጣ ወንድም አለን። በስሙ ጸልየንለታል። የቤቱን ደወል የደወለ ማን ነው?

ራሴን ጨምሬ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወንድም እንቅልፍ ከራቀው ሳምንታት እንዳለፉ በስልክ ጻፈልኝ። ጥቅስ ላክሁለት። ጥቅሱ እውነት ነበር። ቤቱ ግን በብስክሌት ዐሥር ደቂቃ ነበር፤ እኔም አልሄድሁም።

አሁን ቀኑ እያጠረ ነው፤ ፀሐይ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ የምትጠልቅበት ወቅት እየመጣ ነው፤ በሆላንድ ሰዓት ማለቴ ነው። ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ታች ቡና አለ። ደኅና ነኝ ያላችሁን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁት፤ ለመልሱም ጊዜ ስጡት። እኔ ማክሰኞ ማታ ብስክሌቴን አወጣለሁ።