መቁሰሉ ያልተጻፈለት ወታደር

ሄንሪ ጆንሰንን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? አሜሪካ ውስጥ ኦልባኒ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጥቁሮችን ከነጮች ለይቶ ያሰልፍ ስለነበር የእሱን 369ኛ ሬጅመንት ለፈረንሳዮች ሰጣቸው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1918 አንድ ሌሊት፣ አርጎን ጫካ አጠገብ ዘብ እንደቆመ ጀርመኖች መጡበት። ጠመንጃው ሲነክስበት በሰደፍ፣ ከዚያም በጩቤ ተዋጋ። የቆሰለውን ጓደኛውን ኒድሃም ሮበርትስን ማርከው ሊወስዱት ሲጎትቱት አስጣላቸው። ራሱ 21 ቦታ ቆሰለ። ፈረንሳይ ክሯ ደ ገር ሸለመችው።

የገዛ አገሩስ? ጋዜጦች ጀግንነቱን ጽፈውለታል እኮ! የስንብት ወረቀቱ ላይ ግን መቁሰሉ እንኳ አልሰፈረም። በ1929 ሞተ። የቁስለኞች ሜዳሊያ የተሰጠው በ1996፣ ትልቁ የጀግንነት ሜዳሊያ ደግሞ በ2015 ነው። የኋለኛውን የተቀበለለት ዘመድ ሳይሆን አንድ የኒውዮርክ ብሔራዊ ዘብ ባልደረባ ነበር።