ሌስሊ ብራውንና አዳኝ ወፎች

በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ባልባላ የሚባል ሰፊ ሠፈር ይገኛል። ከዚያ በስተሰሜን፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባሻገር፣ የአፍሪካና የዓረብ ምድር ተቀራርበው የሚተያዩበት የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ አለ። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር ወራት የእስያን ክረምት የሚሸሹ ንስሮችና ጭልፊቶች ይህን ጠባብ ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ። ክንፈ ሰፊዎቹ ወፎች የሚንሳፈፉት ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ስለሆነ ሰፊ ባሕር መሻገር ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ጠባቡን መንገድ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች በዚያ ሲያልፉ ተቆጥረዋል።

እነዚህን ወፎች የሚያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው። ባላገሩ ጭልፊትን የሚያውቀው ጫጩት ነጥቆ ሲሄድ ነው። ዶሮዋ ትጮኻለች፤ ልጆች ድንጋይ እያነሡ ይሮጣሉ፤ ጭልፊቱ ግን እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ከዓይን ይሰወራል። ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንዳደነ፣ ግዳዩን ይዞ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህን ጥያቄ አንሥተው መልሱን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ ሌስሊ ብራውን ነበረ።

ሌስሊ ሂልተን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1917 በሕንድ አገር ተወለደ። በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ወደ ናይጄሪያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኬንያ ተዛወረ፤ በዚያም እስከ 1963 ድረስ በእርሻ መሥሪያ ቤት አገልግሎ ከፍ ያለ ኀላፊነት ላይ ደረሰ። የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከእርሻ ሙያው ነበረ፤ ልቡ ግን ሁልጊዜ ከአዳኝ ወፎች ጋር ነበረ።

በኬንያ ተራራ አጠገብ በምትገኘው በኤምቡ አውራጃ ሲሠራ ሳለ አንድ ኮረብታ አገኘ። በዚህ ኮረብታ ላይ ልዩ ልዩ ዓይነት ንስሮች ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበረ። ብራውን ስፍራውን የንስር ኮረብታ ብሎ ሰየመው። ከሥራው ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ወደዚያ እየወጣ የትኛው ጎጆ እንቁላል እንዳለበት፣ የትኛው ጫጩት እንዳደገ፣ ወላጆቹ ምን አድነው እንዳመጡ እየተመለከተ በማስታወሻው ይጽፍ ነበረ። ይህንም ያደረገው ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ነው።

ትዕግሥቱም ፍሬ አፈራ። ባለ ዘውዱ ንስር የተባለው የደን አዳኝ ጫጩቱ ከጎጆ ከወጣች በኋላ እንኳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ እንደሚመግባት ተረዳ። ስለዚህ ጥንዶቹ ጫጩታቸውን በሚገባ ካሳደጉ የሚወልዱት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። አንድ እንደዚህ ያለ ወፍ በጥይት ቢወድቅ ቦታው ፈጥኖ የሚተካ አይደለም።

የጭልፊት አደን ደግሞ ከዚህ ይለያል። ብዙዎቹ ንስሮች ከሰማይ ከፍታ ሆነው ሰፊ ምድር ሲቃኙ፣ በዛፎች መካከል የሚኖረው ወፍ አዳኝ ጭልፊት ግን አድፋጭ ነው። ክንፎቹ አጫጭርና ክብ፣ ጅራቱም ረጅም ስለሆነ በቅርንጫፎች መካከል እንደ ልቡ ይታጠፋል። ቅጠል በጋረደው ቅርንጫፍ ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ወይም በአጥርና በቁጥቋጦ ተከልሎ ዝቅ ብሎ ይበርና ወፎቹ ሳያስቡት ከመካከላቸው ይገባል። በረጃጅም እግሮቹና በቀጫጭን ጣቶቹ ይጨብጣል። ይሁን እንጂ ከሙከራዎቹ የሚበዙት ይከሽፋሉ፤ ጭልፊት ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሴቲቱ ከወንዱ በጣም ትበልጣለች። እርሷ እንቁላል ታቅፋ ሳለች ወንዱ ትንንሽ ወፎችን እያደነ ያመጣላታል፤ ጫጩቶቹ ሲጎለምሱ እርሷም ተለቅ ያለ ግዳይ ፍለጋ ትወጣለች። አደኑ የሚፈጸመው በቅጽበት ስለሆነ፣ ያን ቅጽበት ለማየት ተመልካቹ ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት።

ብራውን ለዕውቀት ያለው ፍቅር አንድ ጊዜ ሕይወቱን ሊያሳጣው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍላሚንጎዎች የሚራቡበትን ስፍራ ለማግኘት ናትሮን በተባለው የታንዛኒያ ሐይቅ በእግሩ ገባ። የሐይቁ ጭቃ ቆዳን በሚያቃጥል ሶዳ የተሞላ ነበረ። ብራውን በደረቀው ቅርፊት ላይ ሲራመድ ቅርፊቱ እየተሰበረ እግሮቹ ወደ ጭቃው ሰመጡ። ኀይሉ ተሟጥጦ፣ በጥም ተቃጥሎ፣ በጭንቅ ወደ ዳር ወጣ። እግሮቹ ክፉኛ ስለ ቆሰሉ በሐኪም ቤት ተኝቶ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈለት። እርሱ ግን ከዳነ በኋላ ጥናቱን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ፍላሚንጎዎች ያወቀውን በመጽሐፍ አሳተመ።

የኬንያን መንግሥት ሥራ እንደ ተወ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1966 በባሌ ተራሮች እየተዘዋወረ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን አጠና፤ አካባቢውም እንዲጠበቅ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በባሕሩ ወሽመጥ ተሻግረው ከሚመጡት ንስሮች አንዳንዶቹ ክረምታቸውን በዚሁ ደጋ አይጦችን እያደኑ ያሳልፋሉ። ብራውን ከኤሚል ኧርባን ጋር ሆኖ በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚራቡትን ነጭ ፔሊካኖች መረመረ። ሁለቱ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ1971 በአዲስ አበባ ታተመ።

ብራውን የእርሻ ሰው እንደ መሆኑ መጠን ገበሬው ሰብሉን ከተባይ መጠበቅ እንዳለበት ያውቅ ነበረ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ አሳዛኝ ነገር ደረሰ። ወፍ አዳኝ ጭልፊቶች ከብዙ አውራጃዎች ጠፉ። ያጠፋቸው ጥይት አልነበረም። ዘር እንዳይነቅዝ የተቀባው መርዝ በእህሉ ወደ ትንንሽ ወፎች፣ ከእነርሱም ወደ ጭልፊቱ ሰውነት ገባ፤ ዲ.ዲ.ቲ. የተባለውም ኬሚካል የእንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው። እ.ኤ.አ. በ1976 ብራውን ስለ ብሪታንያ አዳኝ ወፎች ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። መርዞቹ እየታገዱ ሲሄዱ ጭልፊቶቹ ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ጎጆዎቹን ከዓመት ዓመት የሚቆጥሩ ትጉሃን ተመልካቾች ስለነበሩ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ከዲን አማዶን ጋር በሁለት ቅጽ ያዘጋጀው የዓለም ንስሮችና ጭልፊቶች መጽሐፍ ነው። ብራውን እ.ኤ.አ. በ1980 በኬንያ ዐረፈ። ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የጀመረው ስለ አፍሪካ ወፎች የሚናገር ታላቅ ሥራ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬም ጥቅምት ሲገባ አዳኝ ወፎቹ ባሕሩን ይሻገራሉ። በባልባላ ደጃፍ ወይም በባሌ ደጋ ቆሞ ወደ ሰማይ የሚያይ ወጣት ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዓይን፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቁታል። ብራውን የጀመረው በእነዚሁ ነበረ። ጭልፊትን ሌባ ብሎ ድንጋይ መወርወር የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ጭልፊትን ማወቅ ግን የዕድሜ ሥራ ነው።