አባ ፈንጣጣ፤ ከጉድሩ እስከ ፊንፊኔ

ከሳር ቤት ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ቫቲካን የሚለውን የረዳቶች ጥሪ ሳይሰማ አይውልም። እኔም የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ እንደመሆኔ ለዓመታት በዚያ ስወጣና ስገባ፣ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቫቲካን ኤምባሲ መሆኑን ከማወቅ በቀር የካቶሊክ ጳጳሳት ወደዚህ አካባቢ መቼና እንዴት እንደመጡ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን የጫረብኝ ኤምባሲው ሳይሆን የአያቴ ፊት ነው።

አያቴ ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ የተጎደጎደ ነበር። በአንድ ክረምት ሁለት ወንድሞቻቸውን የወሰደውን በሽታ እሳቸው በተአምር እንዳለፉት ይነግሩን ነበር። እኔ ደግሞ በክንዴ ላይ የክትባቱን ምልክት ይዤ አድጌያለሁ። ስለዚህ ከ170 ዓመት በፊት ኦሮሞዎች አባ ፈንጣጣ ብለው ስለጠሯቸው አንድ ጣሊያናዊ ጳጳስ ባነበብኩ ጊዜ ነገሩ ሩቅ ታሪክ አልመሰለኝም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ጉሊዬልሞ ማሳያ ይባላሉ። በአገራችን አቡነ መሲያስ በመባል ይታወቁ ነበር። ሰኔ 8 ቀን 1809 በሰሜን ጣሊያን በፒዬድሞንት ግዛት፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ሆነው ቅስና ከተቀበሉ በኋላ በቱሪን ከተማ በአንድ ሆስፒታል የሕሙማን አጽናኝ ቄስ ሆነው አገልግለዋል። ጥቂት የሕክምናና የቀዶ ጥገና ዕውቀት የቀሰሙት እዚያ ነው። ያቺ ጥቂት ዕውቀት በኋላ ከስብከታቸው ይልቅ ብዙ በር እንደከፈተችላቸው መገመት አያዳግትም።

በ1846 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ለሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ አዲስ ሀገረ ስብከት አቋቋሙ። ሐሳቡ እንዲነሳ ምክንያት የሆነው በኢትዮጵያ ብዙ የተጓዘው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነበር። ማሳያ የዚህ ሀገረ ስብከት የመጀመሪያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙና በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ። በሰሜን ግን ቀደም ብለው ከ1839 ጀምሮ የነበሩት ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ ማለትም አቡነ ያዕቆብ፣ ነበሩ። ማሳያ በ1849 ምጽዋ ላይ አቡነ ያዕቆብን ጵጵስና ቀቧቸው። በዘመኑ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ የካቶሊኮችን እንቅስቃሴ አጥብቀው ይቃወሙ ስለነበር፣ ማሳያ ወደተሾሙበት አገር የሚያደርሳቸው መንገድ ተዘጋባቸው።

ይሁንና ተስፋ አልቆረጡም። ነጋዴ መስለው በሱዳን በኩል በዓባይ ሸለቆ አድርገው በ1852 ጉድሩ ገቡ። ከሹመታቸው እስከ መንበራቸው ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል ማለት ነው። ከጉድሩም ወደ ሊሙ እናርያና ወደ ከፋ ዘለቁ። የፈንጣጣ መከላከያ መስጠት የጀመሩትም በዚህ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ስለ ሮም ግድ ባይኖረውም ልጁን ከሞት የሚያድንለትን ሰው አይረሳም፤ አባ ፈንጣጣ የሚለው ስም የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1861 ከከፋ ተባርረው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው የያዘ መጽሐፋቸውን ፓሪስ ላይ አሳተሙ። በ1868 በድጋሚ ሲመጡ የተቀበሏቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ምኒልክ ወደ ኦሮሞ አገር ከመልቀቅ ይልቅ በአጠገባቸው አስቀርተው አማካሪ አደረጓቸው፤ በፊንፊኔም ለሚሲዮናቸው ቦታ ሰጧቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ነው። እንግዲህ ጳጳሱ ከተማችን ከመኖሯ 18 ዓመት በፊት ጎረቤቶቻችን ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሕይወታቸው አከራካሪ ክፍል የሚጀምረው ግን እዚሁ ላይ ነው። በ1876 በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ሸዋ ሲደርስ፣ በምኒልክና በእንግዶቹ መካከል ሆነው የረዱት ማሳያ ናቸው። ቡድኑ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ አገኘ። ከሳይንስ ጉዞው ኋላ ዲፕሎማሲው፣ ከዲፕሎማሲው ኋላ ጦሩ ተከተለ። ጳጳሱ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አውቀው ነበር ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ በሩን በመክፈት ድርሻ አልነበራቸውም ማለት ደግሞ እውነቱን መሸሸግ ይሆናል።

በ1878 ምኒልክ ለዓፄ ዮሐንስ ገቡ፤ በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖቱን ክርክር ዘጋ። በ1879 ማሳያ በዓፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ያኔ የ70 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ምኒልክ ቢያዝኑም ሊያስጥሏቸው አልቻሉም።

መንበራቸውን የወረሱት ፈረንሳዊው ታውረን ካኻኝ ማዕከሉን ወደ ሐረር አዛወሩ። ከ1900 ጀምሮ የተኩት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ የራስ መኮንን ወዳጅና የልጅ ተፈሪ አስተማሪ ነበሩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ግን ፈረንሳዊ በመሆናቸው በ1937 ከመንበራቸው ተነሱ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1961፣ አዲስ አበባ የሊቀ ጳጳስ መንበር ስትሆን አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1977 የተተኳቸው አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ፣ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት የሕግ ሊቅ፣ በ1985 የአገራችን የመጀመሪያው ካርዲናል ለመሆን በቁ። በባዕድ ጳጳስ የተጀመረው ታሪክ በአገር ልጅ እጅ ገባ።

ማሳያ በስደት ሳሉ በ1884 የካርዲናልነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በኢትዮጵያ ስላሳለፏቸው 35 ዓመታትም 12 ቅጽ መጽሐፍ ጻፉ። ማስታወሻዎቻቸው ጠፍተውባቸው ስለነበር አብዛኛውን የጻፉት ከትዝታ ነው። ተመራማሪዎች ሥራውን በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1889 ኔፕልስ አቅራቢያ አረፉ፤ የውጫሌ ውል ከተፈረመ ሦስት ወር ብቻ ሆኖት ነበር። የተቀበሩት ሮም አጠገብ ባለችው ፍራስካቲ ነው።

ከሞቱ በኋላም አላረፉም። የፋሽስት መንግሥት በ1939 በስማቸው የተሠራ ፊልም አስወጥቶ በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ሸለመው። ፈንጣጣን የተዋጉት ሰው፣ በመርዝ ጋዝ የተወረረች አገር ወረራ ማስጌጫ ሆኑ። በ2016 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ወደ ቅድስና በሚወስደው ጎዳና የክቡርነት ማዕረግ እንዲሰጣቸው ፈቀዱ።

ታዲያ የትኛውን ማሳያ እናስታውስ? እኔ በበኩሌ ሁለቱንም እላለሁ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1976 ነው፤ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አያቴ ይህን ለማየት በቅተዋል። ጳጳሱን ለፈወሱት ማመስገን፣ ለከፈቱት በር መጠየቅ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ከእንግዲህ ረዳቱ ቫቲካን ብሎ ሲጣራ ትዝ የሚለኝ የኤምባሲው አጥር ሳይሆን፣ ሰፈራችን ሜዳ በነበረበት ዘመን በዚህ አገር የሕፃናትን ክንድ ይከትቡ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው።