ብፁዕ ፍራ አንጀሊኮ፣ የአፈር ቀለም ሠዓሊ

የቅዱሳን ሥዕል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው የሠዓሊውን እጅ ነው፤ ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ዕትም የምናስታውሰው የዶሚኒካዊው መነኩሴ የብፁዕ ፍራ አንጀሊኮ ታሪክ ግን ያለ ቀለሙ ጎደሎ ይሆናል ብለን እናምናለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጉዊዶ ዲ ፒየትሮ በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ በጣልያን ሀገር፣ ከፍሎረንስ በስተሰሜን በሚገኘው በሙጄሎ አውራጃ ተወለደ። ገና ሳይመነኩስ ሠዓሊ ነበር። በ1420 ገደማ በፊየዞሌ ወደሚገኘው የቅዱስ ዶሚኒኮስ ገዳም ገብቶ ፍራ ጆቫኒ ተባለ፤ አንጀሊኮ፣ ማለትም መልአካዊ፣ የተባለው ከሞተ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ቀለም ተዘጋጅቶ አይሸጥም ነበርና ሠዓሊ ቀለሙን ራሱ ወይም በደቀ መዛሙርቱ እጅ ያሰናዳ ነበር። በ1400 ገደማ ስለዚህ ሙያ የጻፈው ቼኒኖ ቼኒኒ፣ ልጅ ሳለ አባቱ በቫል ዴልሳ ወደሚገኝ ገደል ወስዶት ቢጫና ቀይ አፈር በድንጋዩ መካከል ተጋድሞ እንዳሳየው ይተርካል። አፈሩ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ይላል፤ ቢጫው በእሳት ሲጠበስ ቀይ ይሆናል። ጥቁሩ ከተቃጠለ የወይን ሐረግ፣ ነጩ ከኖራው ከራሱ፣ አረንጓዴውም ከአረንጓዴ አፈር ይገኛል። ከአበባና ከቅጠል የሚጨመቁት ቀለማት ግን ለብራና ይበጃሉ እንጂ የኖራን ኃይል አይችሉም። የግድግዳ ሥዕል የሚሣለው ልስኑ ሳይደርቅ ነው፤ ኖራው ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር የአፈሩን ቀለም በውስጡ ይዞ ያስቀራል።

ፍራ ጆቫኒ ውድ ቀለም አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም። በ1433 የፍሎረንስ የተልባ እግር ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ምርጥ ወርቅና ሰማያዊ እንዲጠቀም ተዋውሎታል፤ ዋጋው 190 የወርቅ ፍሎሪን ሆኖ፣ ኅሊናው ቢያዘው ከዚያ ዝቅ እንዲያደርግ ተተወለት። እንዲህ ያለ ውል ከአንድ መነኩሴ ጋር ብቻ የሚጻፍ ይመስለናል።

ር.ሊ.ጳ. አውጀንዮስ 4ኛ በ1436 በፍሎረንስ የሚገኘውን የቅዱስ ማርቆስን ገዳም ለዶሚኒካውያን ሰጡ፤ የእድሳቱንም ወጪ ባለጸጋው ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ሸፈነ። ፍራ ጆቫኒ ከረዳቶቹ ጋር ከ40 በላይ በሆኑት የመነኮሳቱ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ሣለ። ሥዕሎቹ ለአንድ ሰው ጸሎት የተሠሩ ናቸውና ወርቅ አላበዛባቸውም፤ በአብዛኛው አፈርና ኖራ ናቸው። በዚያው ሥራ መካከል፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤው ፍሎረንስ ገብተው ነበር።

የመነኮሳቱ መሰብሰቢያ አዳራሽ ታላቁ ስቅለት የተሣለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለሰማዩ ከድንጋይ የሚገኘው ውድ ሰማያዊ ቀለም ተመረጠ፤ ይህ ግን ከእርጥብ ኖራ ጋር ስለማይስማማ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በሙጫ ተለጠፈ።

ፍራ ጆቫኒ ከ1445 ገደማ ጀምሮ በሮም ለር.ሊ.ጳ. አውጀንዮስና ለተተኪያቸው ለኒቆላዎስ 5ኛ ሠራ፤ በ1455 በዚያው ዐርፎ በሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1982 ብፅዕናውን አጸደቁ፤ በ1984ም የሥነ ጥበብ ሰዎች ጠባቂ አደረጉት።

ዛሬ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባ ሰው ሰማዩን ቀላ ብሎ ያገኘዋል። ሰማያዊው ረግፎ ከሥሩ የተቀባው ቀይ መደብ ወጥቷል፤ ከመስቀሉ ሥር የቆሙት ቅዱሳን ግን በአፈር ቀለማቸው እንዳሉ ናቸው።