ፊሊክስ ዋንከል፦ ሞተሩና ሰውየው

ሐደራ ውስጥ መኪና የሚወዱ ልጆቻችን አርኤክስ 7 የሚባለውን የማዝዳ መኪና ሳያዩት በድምፁ ይለዩታል። ለትምህርቴ ልምምድ በማደርግበት የወጣቶች ማዕከል፣ ሦስትና አራት ሮተር ደርድረው በእጃቸው ሞተር የሚገጣጥሙ ሰዎችን ቪዲዮ እያዩ ሲከራከሩ እሰማለሁ። የጭስ መውጫው ቀዳዳ በየት በኩል ይስፋ፣ ምን ያህል ይስፋ ነው ክርክሩ። የፈጣሪውን ስም ያውቁታል፤ ሞተሩም በስሙ ዋንከል ይባላል። ሕይወቱን ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱም፣ ልጆቻቸው ከሙሳክ አልወጣ ላሏቸው ወላጆችም ነው።

ስለሞተ ታዋቂ ሰው ሲጻፍ አንቱ ማለት ወጋችን ነው። እኔ እሱ እያልኩ ነው የምቀጥለው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገኛል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊክስ ዋንከል ኦገስት 13 ቀን 1902 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ላር በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። የደን ሠራተኛ የነበረው አባቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደጀመረ በ1914 ሞተ፤ እናቱም ይዛው ሃይደልበርግ ገባች። ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ በ1921 ትምህርት አቋረጠ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የኢንጂነርነት ወረቀትም አልነበረውም። ቀን ቀን መጽሐፍ አሳታሚ ዘንድ ይሠራ ነበር። ከ1924 ጀምሮ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጓሮ ውስጥ ባለች ትንሽ መሥሪያ ብረት ይሞርድ ጀመር። ዓይኑ ከቅርብ በቀር አያይለትም ነበርና መንጃ ፈቃድ እንኳ ሳያወጣ ነው የኖረው።

ጓሮ ውስጥ የፈለገው ነገር ቀላል ይመስላል። ተራ ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይቆማል። ዋንከል መመላለሱን አስቀርቶ ማሽከርከር ብቻ የሚያውቅ ሞተር ፈለገ። በ1929 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ፤ የሚሠራ ሞተር ለማየት ግን ገና ሃያ ስምንት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ያለ ወረቀት ብረት ማወቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎንደር ውስጥ አያቶቻችን ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። ቀን ማረሻውን የሚያሠራቸው ጎረቤት ማታ ቡዳ ናቸው ብሎ ይፈራቸው ነበር። የዋንከልን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ይህ ራሱን ያስተማረ ልጅ አሳዝኖኝ ነበር፤ አባት የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ትምህርት ያቋረጠ። ከዚያ የሚቀጥለው ገጽ መጣ።

በ1921፣ ትምህርት ባቋረጠበት ዓመት፣ አይሁድን በሚጠላ ማኅበር ውስጥ ተመዘገበ። በ1922 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ያኔ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ አሥራ አንድ ዓመት በፊት። ስለዚህ ተገድዶ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ነው የሚባል ነገር የለም። በኋላ በባደን ክፍለ ሀገር የሂትለር ወጣቶች መሪ ሆነ። ከክፍለ ሀገሩ የፓርቲ አለቃ ከሮበርት ቫግነር ጋር ግን ተጣላ፤ በ1932 ተባረረ። አለቃውንም ሙሰኛ ነህ ብሎ በአደባባይ ከሰሰው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ቫግነር ላር ውስጥ አሳሰረው። ይህን እስር እያነሱ ዋንከልን የናዚ ተቃዋሚ ሊያደርጉት የሚሞክሩ አሉ። ጠቡ ግን ስለ አይሁዶች አልነበረም፤ በፓርቲው ውስጥ ማን ይምራ፣ እንዴት ይምራ ነበር። ከወራት በኋላ ያስፈታውም የሂትለር የኢኮኖሚ አማካሪ ቪልሄልም ኬፕለር ነው።

ከእስር ከወጣ በኋላ በሩ ተከፈተለት። ከዳይምለር ቤንዝና ከቤኤምቬ ጋር ሠራ። በ1936 የአየር ኃይል ሚኒስቴር በቦደን ሐይቅ ዳር፣ ሊንዳው ከተማ፣ የምርምር መሥሪያ አቋቋመለት። ለጦር አውሮፕላን ሞተሮች የሚሽከረከር ቫልቭ ሲሠራ፣ እየዞረ ያለ ብረት ጋዝ ሳያስመልጥ እንዴት እንደሚታሸግ ያወቀው እዚያ ነው። ያለዚያ ዕውቀት የኋላው ሞተር አይኖርም ነበር። ይህን ሞተር ከዘመኑ ለይተን እንይ ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ማሸጊያው ራሱ የተጠናው በሂትለር ገንዘብ ነው።

በ1940 በኬፕለር አማላጅነት ኤስኤስ ውስጥ የሌተና ኮሎኔል ማዕረግ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ያ ጠላቱ ቫግነር የባደንን አይሁዶች አሳፈሰ። ከአጎራባቹ ክፍለ ሀገር ጋር ከ6,500 በላይ ሰዎች፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይቀር፣ በባቡር ተጭነው ደቡብ ፈረንሳይ ወዳለው የጉርስ ካምፕ ተላኩ። የዋንከል የልጅነት ከተማ የሃይደልበርግ አይሁዶችም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ብዙዎቹ በኋላ አውሽቪትስ ገቡ። ዋንከል በሁለተኛው ዓመት ከኤስኤስ ተሰረዘ፤ ሥራው ግን እስከ ጦርነቱ መጨረሻ አልተቋረጠም።

በ1945 ፈረንሳዮች አሠሩት፤ መሥሪያውንም ነቃቅለው ወሰዱ። ወራት ታስሮ ወጣ። በ1951 ከኤንኤስዩ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 ትክክለኛውን ቅርጽ አገኘ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1957 ሞተሩ ተነሣ። በዚያ ሞተር ሮተሩም ቤቱም አብረው ይሽከረከሩ ስለነበር ካንዴላ ለመቀየር እንኳ ሞተሩን መፍታት ያስፈልግ ነበር። የኩባንያው ኢንጂነር ሃንስ ዲተር ፓሽከ ቤቱን አቁሞ ሮተሩን ብቻ የሚያዞር አደረገው። ዋንከል ተቆጣ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግን የፓሽከን ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

እስቲ አሁን ወደ ልጆቹ ክርክር። ሮተሩ ጎኖቹ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ቫልቭ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ። የሮተሩ ጫፍ ቀዳዳውን ሲያልፍ ጭሱ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ጫፍ ሲያልፍ ይዘጋል። እንግዲህ የቀዳዳው ቦታና ስፋት የሞተሩ ሰዓት ነው ማለት ነው። በሚከፈትበት በኩል ካሰፉት ጭሱ ቀድሞ ይወጣል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጥሩ ይተነፍሳል። ነገር ግን ገና መግፋት የሚችል ጋዝ ይባክናል፣ ማርሚታው ይግላል፣ ድምፁ ሠፈር ይቀሰቅሳል። በሚዘጋበት በኩል ካሰፉት ጭሱ ከሚገባው አየር ጋር ይቀላቀልና ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ከልክ በላይ ከሰፋ ደግሞ የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ ድጋፍ ያጣል፤ ጠርዙ ካልተለሰለሰም ይሰበራል። ማዝዳ በ2003 በአርኤክስ 8 ላይ የጭሱን ቀዳዳ ወደ ጎን ግድግዳ ያዛወረው መግቢያና መውጫው አንድ ላይ እንዳይከፈቱ ብሎ ነው።

የማሸጊያው ጣጣ ኤንኤስዩን ጎድቶታል። በ1967 የወጣው ኤርኦ 80 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ቢመረጥም ማሸጊያው ቶሎ እያለቀ ኩባንያውን ለኪሳራ ዳረገው። ሂሮሺማ ውስጥ ግን የማዝዳው ኬንኢቺ ያማሞቶ ከቡድኑ ጋር ማሸጊያውን ከካርቦንና ከአሉሚኒየም ሠርቶ በዚያው ዓመት ባለ ሁለት ሮተሩን ኮስሞ ስፖርት ለገበያ አቀረበ። ሮተር መደርደር የዚህ ሞተር ጸጋ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ በ180 ዲግሪ፣ ሦስት ሲሆኑ በ120፣ አራት ሲሆኑ በ90 እየተፈራረቁ ይገፋሉ። ችግሩ ዘንጉ ነው። ሲረዝም መሃሉ ላይ ተጨማሪ ኩሽኔታ ስለሚፈልግ ማዝዳ በ1990 ያወጣው ባለ ሦስት ሮተር ሞተር ዘንጉ ከሁለት ቁራጭ የተጋጠመ ነው። በእጃቸው አራት ሮተር የሚገጥሙትም ብዙ የሚደክሙት እዚሁ ላይ ነው።

ዋንከል ተከበረ። በ1969 ሙኒክ የክብር ዶክትሬት ሰጠችው፤ በ1970 ጀርመን ትልቅ የመንግሥት ኒሻን አጠለቀችለት። እንስሳትን ይወድ ነበርና በስሙ ለእንስሳት ጥበቃ ምርምር ሽልማት አቋቋመ። በሙያዬ አንድ ሰው ርኅራኄውን ለማን እንደሚሰጥና ከማን እንደሚነፍግ መጠየቅ ይጠበቅብኛል፤ ይህን ሽልማት ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ኦክቶበር 9 ቀን 1988 ሃይደልበርግ ውስጥ ሞተ። በ1991 ባለ አራት ሮተሩ ማዝዳ 787ቢ በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ከጃፓን መኪኖችም የመጀመሪያው ሆነ። እኛው አገር ደግሞ ኤልቢት የሚሠራው ሰው አልባ አውሮፕላን ሄርሜስ 450 የሚበረው በዋንከል ዓይነት ሞተር ነው። ቀላል ነው፣ ንዝረቱም ጥቂት ነው፤ ለዚያ ነው የተመረጠው።