የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቅድመ አያት የተወለደበት ጎጥ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የተወለዱበትን ቦታና ቀን ነው። በዚህ በኩል ሠላሳ አምስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ፊትዝጀራልድ ኬኔዲ ጸሐፊን አያስቸግሩም። በማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በብሩክላይን፣ ሜይ 29 ቀን 1917 ዓ.ም. ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) እኛ ልንተርክ ያሰብነው ግን ስለ እርሳቸው ብቻ ሳይሆን፣ በወጣትነታቸው ፈልገው ስላገኟት ስለ አንዲት ትንሽ የአየርላንድ ጎጥ ጭምር ነው፤ ቅድመ አያታቸው የተወለደው በዚያ ነበረና።

በአገራችን ብዙ ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቹን ይቈጥራል፤ ይልቁንም ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች ይህን አጥብቀው ይመረምራሉ። ባሕር ተሻግረው አሜሪካ የገቡት የአየርላንድ ስደተኞች ዘሮች ግን ብዙዎቹ ጥቂት ትውልድ ቈጥረው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ይቆማሉ። ይህም የሆነው ከስንፍና የተነሣ አይደለም። የአሜሪካው መዝገብ ጸሐፊ ስደተኛውን ከየት መጣህ ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው አየርላንድ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። በአየርላንድ ውስጥ ደግሞ ከስድሳ ሺህ የሚበልጡ ጎጦች አሉ፤ ስማቸው የሚመሳሰለውም ብዙ ነው። በዚህ ላይ በ1922 ዓ.ም. በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በደብሊን የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጠለና የብዙ መቶ ዓመታት ጽሑፍ፣ በዚያም ውስጥ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች አብዛኛው ክፍል፣ አመድ ሆነ። የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብና የመሬት ግምት መዝገብ ተርፈዋል፤ ነገር ግን እነዚህ ይበልጥ የሚረዱት የጎጡን ስም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። የቤተ ሰቡ ስምም ብቻውን አይበቃም። በአየርላንድ ኬኔዲ የሚባል ሰው፣ በእኛ አገር ከበደ የሚባለውን ያህል ሞልቷል። እንግዲህ የፈላጊው ዕድል የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ያም ቃል በቤተ ሰቡ አፍ ላይ የቈየው የጎጡ ስም ነው።

የዚህ ቤተ ሰብ ቃል ደንጋንስታውን ነበር። ፓትሪክ ኬኔዲ በ1823 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ በዌክስፈርድ አውራጃ፣ በዚህች ጎጥ ውስጥ ከገበሬ ቤተ ሰብ ነው። ታላላቅ ወንድሞች ስለ ነበሩት እርሻው ለእርሱ እንደማይደርስ ያውቅ ነበርና፣ ባሮው በሚባለው ወንዝ ዳር ባለችው በኒው ሮስ ከተማ፣ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ በርሜል መሥራት ተማረ። በ1845 ዓ.ም. የድንች በሽታ ገባ። ድኻው ሕዝብ የሚኖረው በድንች ስለ ነበረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በበሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። ፓትሪክም በዚያ ክፉ ዘመን መጨረሻ ቦስተን ገባና በ1849 ዓ.ም. የአውራጃውን ልጅ ብሪጅት መርፊን አገባ። በምሥራቅ ቦስተን በርሜል እየሠራ አምስት ልጆች ወለደ፤ አንዱ ወንድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ሞተ። የመጨረሻው ልጅ ፓትሪክ ጆሴፍ በጃንዋሪ 1858 ዓ.ም. ተወለደ። አባትዮው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ ሲሆን፣ በበሽታ ሞተ። ይህን ቀን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጸሐፊዎች ስለ ፓትሪክ አብዝተው ይናገራሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የዚህን ቤት ምሰሶ ያቆመችው ብሪጅት ናት። በዚያ ጊዜ በቦስተን የነበሩት ባለጸጎች የአየርላንድን ሰው ይንቁ ነበር፤ ሠራተኛ ፈልገው በጋዜጣ ሲያስነግሩ እንኳ አይሪሽ እንዳይመጣ ብለው የሚጽፉ ነበሩ። አራት ልጆች ይዛ የቀረችው ይህች ባልቴት በሰው ቤት አገልግላ፣ በኋላም ትንሽ ሱቅ ከፍታ ልጆቿን አሳደገች። ልጇ ፓትሪክ ጆሴፍ በመርከብ ወደቡ ላይ ሠራ፤ ገንዘብ አጠራቅሞ መጠጥ ቤት ከፈተ፤ በ1880ዎቹም ዓመታት ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ተመረጠ። የእርሱ ልጅ ጆሴፍ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ታላቅ ሀብታም ሆነ፤ ከ1938 እስከ 1940 ዓ.ም. በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር ነበረ። ሚስቱ ሮዝ ደግሞ የቦስተን ከንቲባ የነበረው የጆን ፊትዝጀራልድ ልጅ ናት፤ የእርሱም ወላጆች አየርላንዳውያን ነበሩ። ሰው ሲከብር የድኽነት አገሩን ስም መርሳቱ የተለመደ ነው። በዚህ ቤት ግን ደንጋንስታውን አልተረሳችም።

የጆሴፍ ሁለተኛ ልጅ የሆኑት ጆን ኬኔዲ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሕመም የማይለያቸው፣ መጽሐፍ ወዳድ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያዝዟት የነበረችውን ትንሽ የጦር ጀልባ በኦገስት 1943 ዓ.ም. የጃፓን መርከብ ገጭቶ ሰበራት፤ እርሳቸውም የቈሰለውን መርከበኛ የተንሳፋፊ ልብሱን ማሰሪያ በጥርሳቸው ነክሰው እየጐተቱ ወደ ደሴት ዋኙ። ታላቅ ወንድማቸው በዓመቱ በአውሮፕላን ሞተ። በ1946 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመረጡ።

በ1947 ዓ.ም. ክረምት፣ የሠላሳ ዓመት ሰው ሳሉ፣ በአየርላንድ ሊዝሞር በሚባል ግንብ ወደ ነበረችው እኅታቸው ወደ ካትሊን ሄዱ። ካትሊን ባሏ የእንግሊዝ መስፍን ልጅ ነበረና እርሱም በጦርነቱ ሞቶባት ነበር። በግንቡ ውስጥ የተሰበሰቡት እንግዶች ሁሉ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። ኬኔዲ ግን የቤተ ሰቡን አገር የሚገልጽ የአክስታቸውን ደብዳቤ ይዘው፣ ከእንግዶቹ አንዷን፣ የዊንስተን ቸርችል ምራት የነበረችውን ፓሜላን፣ አስከትለው በመኪና ወደ ኒው ሮስ ሄዱ። እየጠየቁም ደንጋንስታውን ደረሱ። ያገኙት በኖራ የተቀባ፣ የሣር ክዳን ያለው የገበሬ ቤት ነው፤ በደጁም ዶሮና አሳማ ይርመሰመሳል። የቤቱም ሰዎች ኬኔዲዎች ነበሩ። በመጀመሪያ ማን ለማን ምን እንደሚሆን ለሁለቱም ወገን ግልጽ አልነበረም፤ ትውልድ ሲቈጠር ግን ዝምድናው ተገኘ። ኬኔዲ ከእነርሱ ጋር ተጫውተው፣ ልጆቹን በመኪና አንሸራሽረው፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። አብራቸው የሄደችው ወይዘሮ ያየችው ድኽነቱን ብቻ ነበርና በንግግሯ እንዳዘኑባት ራሳቸው በኋላ ለወዳጆቻቸው አውግተዋል። ካትሊንም ማታ የጠየቀቻቸው እነዚያ ዘመዶች የገላ መታጠቢያ ቤት እንዳላቸው ብቻ ነበር ይባላል።

ይህ በሆነ በጥቂት ሳምንት ኬኔዲ በለንደን ታመው ወደቁ። ሐኪሞች አዲሰን የሚባለውን የኩላሊት በላይ ዕጢ በሽታ አገኙባቸው። ወደ አገራቸው በመርከብ ሲመለሱ ሕመሙ ስለ ጸናባቸው ቄስ ተጠርቶ ለሚሞት ሰው የሚደረገው ጸሎት ተደረገላቸው። እርሳቸው ተረፉ፤ ካትሊን ግን በሜይ 1948 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞተች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመውም። በ1952 ዓ.ም. ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጡ። በኖቬምበር 1960 ዓ.ም. 68 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት ምርጫ 120 ሺህ በማይሞላ ብልጫ አሸንፈው፣ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1961 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሰላም ጓድ በማግሥቱ ዓመት ከ270 የሚበልጡ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስተምረዋል፤ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን መካከል የእነርሱ ተማሪ የነበረ አይጠፋም።

በጁን 1963 ዓ.ም. ኬኔዲ በፕሬዚዳንትነታቸው ወደ አየርላንድ ሄዱ። ጁን 27 ቀን በሄሊኮፕተር ኒው ሮስ ሲደርሱ ከተማው በሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። በወደቡ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ቅድመ አያታቸው ከዚያ ባይሄድ ኖሮ እርሳቸው ዛሬ ከመንገዱ ባሻገር ባለው ፋብሪካ ተቀጥረው ይሠሩ እንደ ነበር ነግረው ሕዝቡን አሳቁት። ከዚያም ወደ ደንጋንስታውን ተሻገሩ። የቤቱ እመቤት ሜሪ ራያን፣ የአባቷ ስም ኬኔዲ የሆነው ዘመዳቸው፣ በግቢዋ ውስጥ ሻይ አፍልታ፣ ምግብ አሰናድታ ጠበቀቻቸው። ፕሬዚዳንቱም የሻይ ስኒያቸውን አንሥተው ለሄዱት ኬኔዲዎችና ለቀሩት ኬኔዲዎች ደኅንነት ተመኙ። ለእኔ ከንግግራቸው ሁሉ ይህች አጭር ምኞት ትበልጣለች። የሄደው ስሙን ባያስታውስ፣ የቀረውም እርሻውን ባይጠብቅ ኖሮ፣ በዚያ ቀን የሚገናኝ አልነበረም። ሲመለሱም በእንግሊዝ አገር ወርደው የካትሊንን መቃብር ተሳለሙ።

በኦክቶበር ወር ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ኬኔዲ በባቡር ጣቢያው ተገኝተው ተቀበሏቸው። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዓ.ም. ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በጥይት ተገደሉ። በርሜል ሠሪው ፓትሪክ ከሞተ በዚያው ዕለት ልክ 105 ዓመት ሆኖት ነበር። ሦስት ቀን አልፎ በተደረገው ቀብር ላይ ግርማዊነታቸውና የአየርላንዱ ፕሬዚዳንት ኤመን ዴ ቫሌራ ከሌሎች መሪዎች ጋር ተገኙ፤ የአየርላንድ ዕጩ መኰንኖችም በባለቤታቸው ጥያቄ መጥተው በመቃብሩ ዳር ቆሙ።

በአርሊንግተን ከመቃብራቸው ላይ ከሚነደው እሳት በ2013 ዓ.ም. ተለኵሶ ባሕር ተሻግሮ ሄደና በኒው ሮስ ወደብ ላይ ሌላ መብራት በራ። የደንጋንስታውን እርሻ ከዘመዶቻቸው እጅ አልወጣም፤ በግቢውም የቤተ ሰቡን ታሪክ የሚያሳይ ቤት አለ።